ደብተር የተቀመጠበት ወንበር የማን ነው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በወሎ ዛሬ ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉን፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያስተምራሉ። እኔ የተማርኩበትን ግቢ ስም አላነሣም። የማነሣው ጉዳይ በየትኛውም ግቢ ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነውና።

የፈተና ሰሞን ነበር። ራቴን በልቼ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ንባብ አዳራሹ ስገባ፣ ስድስት ወንበር ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሰዎች ብቻ ተቀምጠው፣ በቀሩት አራት ቦታዎች ላይ አራት ደብተሮች ተዘርግተው አገኘሁ። አንደኛው ሰማያዊ ልባሱ ጫፉ ላይ የተጣጠፈ ነበር፤ ከመካከሉ ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ተጋድሞበታል። ባለቤቱ አሁን ይመጣል እያልኩ ቆሜ ጠበቅሁ። እስከ 3 ሰዓት አልመጣም። እኔም ወጥቼ የኮሪደሩ መብራት በሚደርስበት ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ። ስምንት ሆነን የምንኖርበት ዶርም ውስጥ ማንበብ የማይታሰብ ስለነበር ሌላ መሄጃ አልነበረኝም። ዛሬ ታናሽ እህቴ በሌላ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ደውላ የነገረችኝ ይህንኑ ታሪክ ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ። ቤተ መጻሕፍት ለተማሪው የሚሰጠው መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ወንበር፣ ብርሃንና ጸጥታም የሚሰጣቸው አገልግሎቶች ናቸው። ባለቤቱ ትቶት የሄደ ደብተር የሌላውን ተማሪ ድርሻ ይዞ ይቀመጣል። ግማሽ ሰዓት ያለ ሰው የቆየ ደብተር በሠራተኛ ተነሥቶ ወንበሩ ለሚጠብቀው ሰው ይሰጥ እላለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ ብዙ ስለሆኑ፣ በኋላ ለሚመጣ አንባቢ እንዲመች የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥሩ እንደሚከተለው በራሴ ቃል አስፍሬዋለሁ።

መልስ 1። ኮምቦልቻ የሚማር የምህንድስና ተማሪ በትሕትና ሰላምታ አቅርቦ ሐሳቡን ደገፈ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከቬንትሌተሩ ሥር ያሉት ወንበሮች ከጠዋት ጀምሮ በደብተር እንደሚያዙ፣ ደሴ ያሉት ጓደኞቹ ግን በተቃራኒው ከመስኮት የራቀውንና የጦሳ ተራራ ብርድ የማያገኘውን ጥግ እንደሚሻሙ ጻፈ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሚራራቁ ሁለት ከተሞች አንዱ ነፋስ ፍለጋ፣ ሌላው ነፋስ ሽሽት ወንበር ይይዛል ማለት ነው።

መልስ 2። የአራተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች እህት ግን ነገሩን ከሥሩ እንዳላየሁት ነገረችኝ። ደብተሩ የችግሩ ምልክት እንጂ ምንጩ እንዳልሆነ፣ ምንጩም የሪዘርቭ መጽሐፍ እንደሆነ አስረዳች። በእሷ ግቢ መምህሩ ያዘዘው መጽሐፍ ቅጂው ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስለሆነ፣ ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ ለሁለት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ብቻ እንዲያነበው ይሰጠዋል። ውሃ ለመጠጣት ወይም ለመጸዳዳት ለመውጣት መጽሐፉን መመለስ ግድ ነው፤ ሲመለስም እንደገና ይሰለፋል። ቦርሳ ከበር ውጭ ስለሚቀር፣ ወንበሩን እስኪመለስ የሚጠብቅለት ከደብተሩ በቀር ምንም የለውም። ደብተሩ ይነሣ የሚል ሁሉ አስቀድሞ ያንን ሰልፍ ቆሞ ይየው ስትል ደመደመች። አነጋገሯ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ነበር፤ ነገር ግን እውነቷን ነው።

መልስ 3። ከሁሉም የረዘመውና ከልብ ያነበብኩት ይህ ነው። የጻፉት በቤተ መጻሕፍት ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፉ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ባለሙያ ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የመለሱልኝ። ሪዘርቭ የሚባለው አሠራር የተፈጠረው ለማስቸገር ሳይሆን፣ አንድ ተማሪ መጽሐፉን ለሁለት ሳምንት ዶርም ይዞት ቢሄድ ሌላው መቶ ተማሪ ባዶ እጁን እንዳይቀር ለማድረግ እንደሆነ አብራሩ። ቀጥለውም ከጠረጴዛው ጀርባ የሚታየውን ነገሩን።

እሳቸው በሠሩበት ቤት መጻሕፍቱ በዴውይ የቁጥር አመዳደብ ይደረደሩ ነበር፤ የሰው አካል አናቶሚ 611፣ አካውንቲንግ 657፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ማለት ነው። አንድ ዓመት አንድ የአካውንቲንግ መጽሐፍ ጠፋ ተብሎ ተመዘገበ። ከወራት በኋላ ማንም በማይደርስበት በ200ዎቹ፣ በሃይማኖት መጻሕፍት መካከል፣ ጀርባው ወደ ግድግዳ ዞሮ አገኙት። አንድ ተማሪ ሁልጊዜ ለራሱ ብቻ እንዲያገኘው ሸሽጎት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ በር ሳይከፈት አንድ ሠራተኛ የተወሰኑ መደርደሪያዎችን በቁጥር ቅደም ተከተል እያነበበ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከጠፋ መጽሐፍ እንደማይለይ የተማሩት በዚያ ጊዜ ነው።

ከዚህ የባሰውን ያዩት ደግሞ በአናቶሚው መጽሐፍ ላይ ነበር። የክንድ ነርቮች ሥዕል ያለባቸው አራት ገጾች በምላጭ ተቆርጠው ወጥተዋል፤ የተቆረጠው ስስ ጠርዝ ብቻ ከስፌቱ ጋር ቀርቷል። ከመጽሐፉ ኋላ በተለጠፈው የመመለሻ ቀን ወረቀት ላይ የማኅተሙን ቀናት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ቆራጩን ሊደርሱበት ሞከሩ። ነገር ግን መጽሐፉ አዳራሹ ውስጥም ስለሚነበብ ማንነቱ አልተገኘም። በዚያው ወር የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ እንደነበረ ግን ሳይሸሽጉ አከሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለአንባቢ ጥናት ከጽሑፍ አጭር ክፍል አንድ ቅጂ እንዲያነሣ ስለሚፈቅድ፣ የሚሠራ ማሽን ቢኖር ኖሮ እነዚያ አራት ገጾች ዛሬም ከመጽሐፉ ጋር ይሆኑ እንደነበር እሳቸው ያምናሉ። እኔም አምኛለሁ።

መልስ 4። ተመራቂ ተማሪ ነው። በአጭሩ ቤተ መጻሕፍቱ ሌሊቱን ሙሉ ይከፈት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ተፈትኖ ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪውን እንደማይቀበል፣ ፈተናውም የዓመታቱን ትምህርት በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ በር ከምሽቱ 4 ሰዓት መዘጋቱ እንደማይገባው ጻፈ።

መልስ 5። ከዚህ ላይ ቃናው ተለወጠ። ስሙን ያልገለጸ ተሳታፊ በሦስተኛው መልስ ላይ ተነሣበት። ሠራተኞች ጥፋቱን ሁሉ በተማሪ ላይ እንደሚያላክኩ፣ እሱ በሚማርበት ግቢ መጽሐፍ ሲጠየቁ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ የለም እንደሚሉ፣ ራሱ ገብቶ ሲፈልግ ግን መጽሐፉን እንደሚያገኘው በቁጣ ጻፈ። ጡረታ የወጡት አባት ከወንበራቸው ተነሥተው መደርደሪያውን ስንት ጊዜ እንዳዩም ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በየጠዋቱ ያደርጉት የነበረውን ለነገሩን ሰው የሚቀርብ አልነበረም።

መልስ 6። አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አምስተኛውን ገሠጸችው። ታላቅ ሰውን በዚህ ቃል መናገር የአገራችን ወግ እንዳልሆነ ካስታወሰች በኋላ ወደ ቁም ነገሩ ገባች። የሌሊት አገልግሎት በር ከመክፈት ያለፈ ነገር ይጠይቃል፤ ተረኛ ሠራተኛ፣ ጥበቃ፣ የጽዳት ሰው፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄኔሬተርና ነዳጅ ያስፈልጉታል። ሴቶች ተማሪዎች ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከአዳራሹ ወደ ዶርም የሚሄዱበት መንገድም መብራት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ሌሊቱን ሙሉ የሚከፈተው ለወንዶች ብቻ ይሆናል። መፍትሔ ይሆናል ያለችው መላውን ሕንፃ ሳይሆን ለመውጫው ቅርብ የሆነውን አንድ አዳራሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን ፈተና በሚቀርብባቸው ሳምንታት መክፈትን ነው። እስካሁን ካነበብኩት ሁሉ ነገ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው።

መልስ 7። የሐሳቤን አቅጣጫ ያስለወጠኝ ይህ ጽሑፍ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች ሙስሊም እህት በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሰሞን የገጠሙበትን ጊዜ አስታወሰችን። ማግሪብ ሲደርስ ለማፍጠርና ለመስገድ ከአዳራሹ ትወጣለች፤ ያ ሰዓት ደግሞ ሌላው ተማሪ ራቱን በልቶ ወንበር ፍለጋ የሚመጣበት ነው። ዐቢይ ጾምን የምትጾመው የዶርም ጓደኛዋ ነጠላዋን አጥፋ በወንበሩ ላይ ታስቀምጥላትና ለሚጠይቅ ሁሉ ሰው አለው እያለች ትጠብቅላታለች። ያቺው ጓደኛ በበኩሏ ቀትር ላይ ለመብላት ስትወጣ፣ የማትበላዋ ሙስሊም ተማሪ ሁለቱንም ቦታ ይዛ ትቆያለች። ሁለቱም ያንን ፈተና ያለፉት በዚህ መንገድ ነው። የግማሽ ሰዓቱ ደንብ በዚያ ዓመት ቢኖር ኖሮ በየቀኑ ወንበሯን ታጣ እንደነበር በጨዋነት ጠቆመችኝ።

መልስ 8። ይህ የእኔ ነው። ሰባተኛዋን አመስግኜ አቋሜን አሻሻልኩ። ሰዓቱ ከግማሽ ወደ አንድ ሰዓት ከፍ እንዲል፣ ባለቤቱ ሲወጣ የወጣበትን ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ደብተሩ ላይ እንዲተው፣ በጾም ወራት ደግሞ የማፍጠሪያው ሰዓት ከቆጠራው ውጭ እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ። ለሁለተኛዋ እህትም ሪዘርቭ ክፍል መጽሐፉን ለአሥር ደቂቃ ተቀብሎ በስሟ ቢያቆይላት ሰልፉ እንደሚቀልላት ጻፍኩ።

መልስ 9። የጤና ሳይንስ መምህር ናቸው። በወንበርና በወረቀት መጽሐፍ ላይ ብቻ መከራከራችን እንዳሳዘናቸው ገለጹ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ፣ ለአካባቢ ሳይንስ ኦአሬ፣ ለቴክኖሎጂ አርዲ፣ ለሕግ ጎአሊ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ጥምረት ጥላ ሥር በኢንተርኔት በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን እንደሚያቀርቡ ዘረዘሩ። ብዙ ተማሪዎቻቸው እስከ ምረቃ ድረስ ስማቸውን እንኳ ሳይሰሙ፣ በቴሌግራም የሚዘዋወር አሮጌ ሃንድአውት ሲያነቡ እንደሚያገኟቸው አዘኑ።

መልስ 10። አንድ ተሳታፊ እነዚህ አገልግሎቶች በዶላር የሚከፈልባቸው ስለሆኑ ለእኛ አይሆኑም አለ።

መልስ 11። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አሥረኛውን አረመ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ በሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ እንደምትገኝ፣ የሚያስፈልገው ተቋሙ መመዝገቡና ቤተ መጻሕፍቱ የሚሰጠውን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ማግኘት ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የይለፍ ቃሉ በአደባባይ እንዳይለጠፍ ክልክል ስለሆነ፣ ተማሪው ጠረጴዛው ድረስ ሄዶ መጠየቅ አለበት። ስለ መጻሕፍቱ መዝገብ፣ ስለ ካታሎግም፣ ጥቂት አከለ። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር በኒውዚላንድ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ ስሙም በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት የሆነ፣ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። መጽሐፉ በውሰት ላይ መሆኑንና የሚመለስበትን ቀን ተማሪው ከስልኩ ሊያይ ይችላል። ነገር ግን ሰርቨር የሚጠብቅና መዝገቡን በየዕለቱ የሚያድስ ሰው ከሌለ ካታሎጉ የሌለ መጽሐፍ አለ፣ ያለውን የለም እያለ ተማሪውን ያንከራትተዋል። አምስተኛው ተሳታፊ ያጋጠመው የለም የሚል መልስ ከዚህም ሊመጣ እንደሚችል ገመተ፤ ሠራተኛው የሚያየው ስክሪኑ የሚለውን ነውና።

መልስ 12። ስለ ካታሎግ ሲነሣ አንድ የታሪክ ወዳጅ ጨዋታውን ወደ ሐይቅ ወሰደው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስን የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት እንዳደረጉት፣ የእሳቸው የሆነው አራቱ ወንጌል እስከ ዛሬ በገዳሙ እንደሚገኝ፣ በውስጡም የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር እንደተጻፈበት አወሳ። መጽሐፍን ቆጥሮና መዝግቦ መጠበቅ ለወሎ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም ለማለት ነው።

መልስ 13። ሌላ ጸሐፊ በአክብሮት ጨመረበት። የወሎ የመጻሕፍት ታሪክ በገዳም ብቻ እንደማያበቃ፣ በጀማ ንጉሥና በሌሎች የእውቀት ማዕከሎች ሸሆች ደረሶቻቸውን፣ ማለትም ተማሪዎቻቸውን፣ ሲያስተምሩ እንደኖሩ፣ እንደ ሸህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ሊቃውንትም አማርኛን በዐረብኛ ፊደል በአጀሚ እንደጻፉ አነሣ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የእነዚህን ጽሑፎች ዲጂታል ቅጂ ከባለቤቶቻቸው ፈቃድ ጋር በቤተ መጻሕፍት ቢያኖሩ፣ የአካባቢው ተመራማሪ የአገሩን ጽሑፍ ፍለጋ አዲስ አበባ ባልሄደ ነበር ሲል ተመኘ።

መልስ 14። አምስተኛው ተሳታፊ ተመለሰ። የመነሻው ጸሐፊ እህት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታነብ እናንተ ሰባት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ ብሎ ሁለቱንም ዘለፈ። ዘለፋው ከልክ ያለፈ ቢሆንም ወደ ጉዳዩ መልሶናል። ሦስተኛውን አባት ይቅርታ እንዲጠይቅም አሳሰብኩት። ከአንድ ቀን በኋላ በሁለት መስመር ጠየቀ፤ አባትም አብሽር ብለው አለፉት።

መልስ 15። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆነ ሰው ስለ 2014 ዓ.ም. ጻፈ። ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ከጠረጴዛቸው ተነቅለው፣ ኬብሎቹ ብቻ ተንጠልጥለው፣ መጻሕፍቱ ከመደርደሪያ ወርደው መሬት ላይ ተበትነው አገኘ። አንድ ክፍል ሙሉ ሠራተኛ ተንበርክኮ በጀርባቸው ቁጥር እየለየ መልሶ ሰደራቸው። ዛሬ ወንበር አነሰ፣ ካታሎጉ ተሳሳተ የሚል ሁሉ ከዚያ ወለል ላይ የተነሣ ቤት መሆኑን እንዲያስታውስለት ለመነ። ለዚህ መልስ ለረጅም ሰዓት ማንም ምንም አልጻፈም።

መልስ 16። ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ተማሪ ነው። እስካሁን የተባለውን ሁሉ ስልኩ አንብቦለት እንደሰማው፣ በወንበር ረገድ ግን ቅሬታ እንደሌለው ጻፈ፤ ወንበር የሚለቅለት ሰው አጥቶ አያውቅም። የጎደለው ሌላ ነው። ኤንቪዲኤ የተባለው ነጻ የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም የተጻፈ ፊደልን ያነባል፤ የአማርኛ የሕግ ሞጁሎች ግን አብዛኞቹ በካሜራ የተነሡ ምስሎች ስለሆኑ ፕሮግራሙ ገጹን ባዶ ነው ብሎት ያልፋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት ለማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የሚሆን ቅጂ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲዘጋጅ መንገድ ቢከፍትም፣ ቁጭ ብሎ የሚተይብ ወይም ድምፁን የሚቀዳ ሰው እስካልተገኘ ድረስ ለእሱ የተለወጠ ነገር የለም። የሚያነብለት ጓደኛው ባለፈው ዓመት ተመርቋል።

መልስ 17። አሥራ አንደኛው ባለሙያ ምስል የሆነን ገጽ ወደ ፊደል የሚለውጥ ፕሮግራም ለአማርኛም እንዳለ፣ ስሕተቱን ግን ሰው እያረመ መሄድ እንዳለበት ጠቅሶ፣ ሞጁሎቹ ከተላኩለት ሥራውን እንደሚጀምር ቃል ገባ።

መልስ 18። ሁለተኛዋ እህት ደሴ እንደምትገኝ ገልጻ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ልታነብለት እንደምትችል ጻፈች። ጡረታ የወጡት አባትም ዓይናቸው በመነጽር ገና እንደሚያነብ፣ ቤታቸው ፒያሳ አካባቢ ስለሆነ ግቢው ድረስ መምጣት እንደማይከብዳቸው አከሉ። ድምፅ ስለሚያስፈልግ በጸጥታው አዳራሽ ውስጥ ማንበብ እንደማይቻል ግን አስጠነቀቁ፤ የቡድን ጥናት ክፍል ካለ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ጠየቁ።

መልስ 19። የሕግ ተማሪው ቁልፉ የሚገኘው ከመጀመሪያው ፎቅ ተረኛ ዘንድ እንደሆነና ክፍሉ ከአንድ ቀን በፊት መመዝገብ እንዳለበት መለሰ። ለቅዳሜ 8 ሰዓት በስሙ አስመዝግቧል። የውል ሕግ ሞጁሉን እንዲያመጡለት፣ ሦስተኛው ምዕራፍ አጋማሽ ላይ እንደቆመም ነገራቸው።